የቲማቲም ችግኝ ሲዛመት የተፈጥሮ ማዳበሪያ አሰጣጥ፦ ለጎጃም ቀይና ጥቁር አፈር

በጎጃም «አንድ ማዳበሪያ ፍግ አምጣ» ቢባል የሚሳሳት ሰው የለም፤ ስሙ ከዳፕና ከዩሪያ ወደ መያዣው ተሻግሮ ጆንያው ራሱ ማዳበሪያ ተብሎ ቀርቷልና። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ጆንያ ከበረትና ከጓሮ ተጭኖ ወደ ቲማቲም ማሳ ስለሚሄደው የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ በተለይም ችግኙ ከችግኝ መደቡ ተነሥቶ ወደ ዘላቂ ቦታው በሚዛመትበት ጊዜ ምን፣ ምን ያህልና የት መግባት እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ችግኝ በተተከለበት ዕለት ብዙ ምግብ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ከመደቡ ሲነሣ ጥቃቅን ሥሮቹ ተበጥሰዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሥራው ቅጠል ማብዛት ሳይሆን ሥር መስደድ ነው። ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ፍግ በሚገባ የበሰለ፣ የቀዘቀዘና መጠነኛ መሆን የሚገባው፣ ኃይለኛው ደግሞ ችግኙ ከያዘ በኋላ እንዲሰጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ቲማቲም በተከልሁበት በመጀመሪያው ዓመት ከዶሮ ቤት በዚያው ጠዋት የተጠረገ ኩስ ከምድጃ አመድ ጋር ቀላቅዬ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጭብጥ ጨመርሁ። ስቀላቅለው ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ወጣ፤ የማዳበሪያው ብርታት መስሎኝ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ ምጣድ ላይ እንደ ቆየ እንጀራ ቡናማ ሆኖ ደረቀ፤ አንዱን ነቅዬ ሳየው ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ጠቁሮ በጣት ሲነካ ይላጥ ነበር። ከአርባው ችግኝ የተረፈው ዘጠኝ ብቻ ነው። ጥፋቱ ሁለት ነበር፦ ኩሱ ጥሬ መሆኑ፣ አመዱም ከጥሬ ኩስ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞንያ ለውጦ ሥሩን እያቃጠለ በአየር ማባከኑ።

መሬቱን መለየት

ጎጃም አንድ ዓይነት አፈር የለውም። በመራዊ ዙሪያ፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ከተሠራው ከቆጋ ግድብ ሥር ያለው መሬት፣ እንዲሁም በቡሬና በእንጅባራ በኩል ያለው በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ በቢቸናና በደጀን በኩል ደግሞ የጤፉ ጥቁር መሬት ይበዛል። ሁለቱ በማዳበሪያ አያያዝ አይመሳሰሉም።

ቀዩ አፈር ውኃ በቀላሉ ያሳልፋል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አሥረው ስለሚይዙት፣ መሬቱ ፎስፈረስ እያለው እንኳ ሥር የሚደርሰው ጥቂት ነው። ቲማቲም የሚስማማው የኮምጣጣነት ልክ ከፒ ኤች 6 እስከ 6.8 ያለው ነው። ስለዚህ ለቀይ አፈር አመድ መድኃኒት ነው፤ ከተከላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ለ10 ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ የተነፋ የእንጨት አመድ ተበትኖ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር በመኮትኮቻ ይቀላቀላል። ኮምጣጣነቱ የከፋ መሬት ግን በአመድ ብቻ አይድንም፤ በቀበሌው ያለ የግብርና ባለሙያ አፈሩን አስመርምሮ የሚበቃውን የኖራ መጠን ቢነግር የተሻለ ነው፤ ኖራውም ከተከላ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መግባት አለበት።

ለጥቁር አፈር አመድ ማብዛት አያስፈልግም። የእርሱ ዋና ችግር ውኃ መቋጠር ነው። በጥቁር አፈር ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ ብስባሽ መሙላት ማለት በሸክላ ገንዳ ውስጥ ስፖንጅ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ መስኖ በተለቀቀ ቁጥር ውኃው እዚያ ይተኛል፣ ሥሩም ይታፈናል። በዚህ መሬት ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሠራና ብስባሹ በመደቡ ሁሉ ላይ እኩል ይቀላቀላል እንጂ በጉድጓድ አይታጨቅም።

በሁለቱም አፈር ግን ባለፈው ዓመት ድንች፣ በርበሬ ወይም ቲማቲም የነበረበት ቦታ ቢታለፍ ይመረጣል። ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታቸውን ይወራረሳሉ። ባቄላ፣ ሽንኩርት ወይም በቆሎ የነበረበት መሬት ይሻላል።

ብስባሹን ከሐምሌ መጀመር

በመስኖ የሚለማው ቲማቲም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ስለሚተከል ዘሩ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ መደብ ላይ ይዘራል፤ ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ፣ ቁመቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስና አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ለመዛመት ይደርሳል። ይህም ኅዳር ላይ ይውላል። በደጋው አየር ብስባሽ ሦስትና አራት ወር ስለሚፈጅበት ለኅዳር የሚደርሰው በሐምሌ የተከመረው ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ከየማሳው የሚታረመው እርጥብ አረም የሚተርፍበት ወር በመሆኑ ይመቻል።

ክምሩ ጥላ ባለበት፣ ጎርፍ በማይገባበት ቦታ በአንድ ሜትር ተኩል ስፋት ይጀመራል። ከሥር አየር እንዲያስገባ የበቆሎ አገዳና ጭራሮ ይነጠፋል። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ገለባ፣ የስንዝር እኩሌታ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ ሦስት ጣት ያህል እበት ወይም ፋንድያ፣ በላዩም ጥቂት የላይ አፈር እየተነባበረ እስከ ደረት ከፍታ ይደርሳል። እያንዳንዱ ንብር ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ልኩም በእጅ ጨብጠው ሲጨምቁት ጣት የሚያረጥብ እንጂ የማያንጠባጥብ ሲሆን ነው። ክረምቱ ንጥረ ነገሩን አጥቦ እንዳይወስደው ላዩ በሣር ወይም በላስቲክ ይሸፈናል።

ከእርጥቡ ቅጠል የብሳና፣ የግራዋና የሰስፓንያ ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሰስፓንያ በተለይ ናይትሮጅን የሚያበዛ ስለሆነ በአጥር ዙሪያ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ምንም ቢበዛ ወደ ክምሩ አይግባ፤ ለመበስበስ ይዘገያል፣ የሌላውን ተክል እድገትም ይገታል። ዘር ያፈራ ሙጃና ሥሩ ያልደረቀ ሰርዶ፣ እንዲሁም የድንችና የቲማቲም ገለባ ተለይቶ ይጣላል። በአዊ በኩል፣ በተለይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል በሚያከስሉበት አካባቢ፣ ከማክሰያው ጉድጓድ የሚቀረው የከሰል ብናኝ ገበያ ስለሌለው ተደፍቶ ይታያል፤ ከክምሩ ጋር ቢነባበር የሚተነውንና የሚታጠበውን ንጥረ ነገር ይዞ ያቆያልና ባይጣል መልካም ነው።

አንድ ቀጥ ያለ ዱላ እስከ ክምሩ መሐል ተሰክቶ ይተዋል። በሳምንቱ ተስቦ ሲነካ የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃና እበት ያንሰዋል፤ እርጥብ ሆኖ የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ አየር አጥሮታል። በሦስት ሳምንቱ፣ ከዚያም ሌላ ወር ቆይቶ ይገላበጣል፤ የውጭው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ መሆን አለበት፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን የሚሞቱት በመሐሉ ሙቀት ነውና።

እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር አለ። በብዙ ቤት እበቱ የሚሄደው ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ኩበት ነው፤ ማገዶ በጠፋበት አገር ይህን መንቀፍ አይቻልም። ነገር ግን ከኩበት ምድጃ የሚወጣው አመድ ናይትሮጅኑ በጭስ የሄደ፣ ፖታሽየሙ፣ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ የቀረ ፍግ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አመዱ ከቤት ጀርባ ተደፍቶ ዝናብ ከሚያጥበው በጆንያ ተሞልቶ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ግማሹ ጥቅም ተመለሰ ማለት ነው።

መብሰሉን በፌጦ መፈተን

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ብስባሼን በእጃቸው ዘግነው ካሸተቱ በኋላ «ልጄ፣ በረት በረት የሚል ከሆነ ጥሬ ነው፤ አፈር አፈር ሲልህ ያን ጊዜ ደርሷል» አሉኝ። ሽታው ጥሩ ፈተና ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ግን አለ፤ እርሱም በየቤቱ የሚገኘው ፌጦ ነው።

አንድ አሮጌ ጣሳ በብስባሹ ይሞላል፣ ሌላው በተለመደ የጓሮ አፈር ይሞላል፤ ሁለቱም ውኃ ጠጥተው በያንዳንዳቸው ላይ ሃያ ሃያ የፌጦ ፍሬ ይበተናል። ፌጦ በሁለት በሦስት ቀን ይበቅላል። በስድስተኛው ቀን ይቆጠራል፤ ከብስባሹ ጣሳ የበቀለው ከአፈሩ ጣሳ ጋር የሚመጣጠን ከሆነና ሥሩ ሲነቀል ነጭና ረጅም ሆኖ ከተገኘ ብስባሹ ችግኝ አይጎዳም። ቁጥሩ ከአፈሩ ጣሳ እኩሌታ ብቻ ከሆነ ወይም ሥሩ ጫፉ ቡናማና ድንክ ከሆነ ክምሩ ሌላ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ፌጦ ለጥሬ ፍግ እጅግ ስለሚሰማው ሳይበቅል በመቅረቱ አስቀድሞ ይመሰክራል፤ አርባ ችግኝ ከማጣት ሃያ ፍሬ ፌጦ ማጣት ይቀላል።

የትኛው ፍግ ለምን

የከብት እበት ቀዝቃዛና ለዘብተኛ ነው፤ ከበሰለ በኋላ ለጉድጓድ ከሁሉ ይስማማል። የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ፋንድያ ክምሩን ለማሞቅ ይጠቅማል። የበግና የፍየል በጠጥ ደረቅ በመሆኑ ለመሸከም ይቀላል፤ ነገር ግን ከእበት ይበረታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ መክረም አለበት። የዶሮ ኩስ ከሁሉም ይበልጥ ኃይለኛ ነው፤ ቢበስል እንኳ ለጉድጓድ ከአንድ እፍኝ በላይ አይጨመርም፤ እኔ ለጉድጓድ ጨርሶ አልጠቀምበትም፤ ለኋላ አስቀምጠዋለሁ። ጥሬ ፍግ ከማቃጠሉ ሌላ ነጭ ትል የሚያፈራውን ጢንዚዛ ይስባል፤ ከመሬት ጋር የሚነካካ ፍሬም በጥሬ ፍግ ተሕዋስያን ሊበከል ስለሚችል፣ በጥሬው ወደ መሬት የገባ ፍግ ቲማቲሙ ከመለቀሙ ቢያንስ አራት ወር ሊቀድም ይገባል።

ለሥር የሚረዳውን ፎስፈረስ ለመጨመር አጥንት ጥሩ ነው። የገናና የፋሲካ አጥንት በእሳት ተቃጥሎ ነጭ ሲሆን በሙቀጫ በቀላሉ ይደቅቃል፤ ለአንድ ጉድጓድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ጥቅሙ የሚጎላው በኮምጣጣው ቀይ አፈር ነው፤ ኮምጣጣነቱ ራሱ አጥንቱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋልና። ሳይቃጠል የተቀበረ አጥንት ግን ለማዳበሪያነት ከመድረሱ በፊት ውሻና ጅብ ሊቆፍሩት ይችላሉ፤ በማግሥቱ ችግኙ ከጉድጓዱ ውጭ ተጥሎ ይገኛል። የእንቁላል ቅርፊትም እንደ ዱቄት ከደቀቀ ካልሲየም ይሰጣል፤ እንዲሁ ተሰባብሮ የተጣለው ግን ለዘንድሮ ተክል አይደርስም።

ጉድጓዱና ልኩ

በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲተው በ100 ካሬ ሜትር ላይ ወደ 330 ችግኝ ይተከላል። ለእያንዳንዱ አንድ የሊትር ጆግ ሙሉ ብስባሽ፣ በክብደት ወደ 600 ግራም፣ ቢታሰብ ለ100 ካሬ ሜትር 2 ኩንታል፣ ለአንድ ቃዳ ማለትም ለሩብ ሄክታር 50 ኩንታል ያስፈልጋል። በቀይ አፈር ይህን ያህል የሌለው ሰው በማሳው ሁሉ ላይ ቀጭን አድርጎ ከሚበትን ይልቅ የጆጉን እኩሌታ በየጉድጓዱ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ብስባሹ ከሥሩ አጠገብ ሲሆን ፎስፈረሱ በአፈሩ ከመታሠሩ በፊት ለሥሩ ይደርሳል።

በቀይ አፈር ጉድጓዱ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ሲቆፈር የላይኛው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይከመራል። አንድ ጆግ ብስባሽ፣ ሁለት ጆግ የላይ አፈርና አንድ ማንኪያ የአጥንት ዱቄት በደንብ ተደባልቆ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ በላዩም ሦስት ጣት ያህል ብስባሽ የሌለበት አፈር ይደረጋል። ችግኙ የሚያርፈው በዚህ ንጹሕ አፈር ላይ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ ምግቡን ያገኘዋል። ይህ ሁሉ ከተከላ አንድ ሳምንት ቀድሞ ተሠርቶ አንድ ጊዜ ውኃ ቢጠጣ አፈሩ ይረጋል፣ ችግኙም በኋላ አይሰምጥም።

የተከላው ዕለት

ከተከላ ሳምንት በፊት ጀምሮ የችግኝ መደቡ ውኃና ጥላ እየተቀነሰ ችግኙ ይጠነክራል፤ በዕለቱ ጠዋት ግን አፈር ይዞ እንዲነሣ በደንብ ይጠጣል። ተከላው ፀሐይ ከበረደ በኋላ፣ ከአሥር ሰዓት ወዲህ ይሁን። ቲማቲም ከሌላው አትክልት የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው፦ የተቀበረው ግንዱ ሥር ያወጣል። ስለዚህ የታችኞቹ ሁለት ቅጠሎች በጥፍር ተቀንጥሰው ችግኙ በቀይ አፈር እስከ ቀሪዎቹ ቅጠሎች ሥር ድረስ ይቀበራል፤ በጥቁር አፈር ግን ከመደቡ ላይ ከነበረበት ሁለት ጣት ብቻ ጠልቆ ይተከል። በሁለት እጅ አውራ ጣት ቀስ ብሎ ይጠቀጠቃል፤ ቅጠሉ በዝግታ ሲሳብ ከተቀነጠሰ እንጂ ችግኙ ካልተነቀለ ይዟል ማለት ነው። ወዲያው ለእያንዳንዱ አንድ ሊትር ውኃ ይፈስስለታል፤ በውኃው ውስጥ ምንም ማዳበሪያ አይጨመርም።

ከዚያ ጉዝጓዝ ይደረጋል። የጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚያስፈልግ ደረቅ ሰምበሌጥ ወይም የተቀጠቀጠ የበቆሎ አገዳ አራት ጣት ውፍረት ይበቃል፤ ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ይራቅ፤ የተጠጋ እንደ ሆነ ቆራጭ ትል ይሸሸግበታል።

ከተከላ በኋላ

ሦስት ሳምንት ሲሆነውና አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ሲታይ፣ ያን ጊዜ ኃይለኛው ምግብ ይጀመራል። በ50 ሊትር በርሜል ውስጥ ስድስት ኪሎ ያህል የበሰለ እበት በቀጭን ጆንያ ታስሮ ይዘፈዘፋል፤ በየቀኑ እየተማሰለ ሁለት ሳምንት ይቆያል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ሁለት ኪሎ ይበቃል። ፈሳሹ በውኃ ተበርዞ ቀጭን ሻይ ሲመስል፣ የኩሱ ከሆነ አንዱ እጅ በአሥር እጅ ውኃ ተበርዞ፣ ለአንድ ተክል ግማሽ ሊትር ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ይፈስሳል። አፈሩ አስቀድሞ መርጠብ አለበት፤ ቅጠልና ፍሬ ላይም መድረስ የለበትም። በየሁለት ሳምንቱ እየተደገመ የመጀመሪያው ፍሬ የለውዝ ፍሬ ሲያክል የፈሳሹ ነገር ይቆማል፤ በምትኩ በቀይ አፈር አንድ እፍኝ አመድ ከጉዝጓዙ ሥር ይበተናል፤ ፍሬ ለማጎምራት ፖታሽየም ይፈልጋልና።

ተክሉ ራሱ ይናገራል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ከሄደ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ፈሳሹ አንድ ጊዜ ይጨመር። የቅጠሉ ጀርባ ሐምራዊ ከሆነ ፎስፈረስ አልደረሰውም፤ ይሁንና በታኅሣሥ የሌሊት ብርድም እንዲሁ ያደርጋልና ሲሞቅ የሚለቅ መሆኑን ጠብቆ ማየት ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ ወፍራም ሆኖ አበባ ከጠፋ ፍግ በዝቷል፤ ፈሳሹ ይቋረጥ። ፍሬው ከታች በኩል ጠቁሮ ከሰመጠ የካልሲየም እጥረት ነው፤ ነገር ግን በአብዛኛው አፈሩ ካልሲየም አጥቶ ሳይሆን አንድ ሳምንት ደርቆ በሌላው ሳምንት በመጥለቅለቁ ምክንያት ተክሉ መሳብ ስላቃተው ነው፤ መድኃኒቱም ቅርፊት መጨመር ሳይሆን የመስኖውን ተራ ማስተካከል ነው። የመስኖ ተራ የሚደርሰው በአሥራ አምስት ቀን ለሆነበት ሰው ይህን መምከር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በጀሪካን በመሐሉ አንድ ሊትር ማድረስና ጉዝጓዙን ማወፈር የሚረዳው ለዚህ ነው።

ለቀማው ሲያበቃ ግንዱና ቅጠሉ ወደ ብስባሽ ክምር አይመለስም፤ የምችና የአጠውልግ በሽታ ይዞ ሊቆይ ይችላልና። ከማሳው ወጥቶ ደርቆ ይቃጠላል፤ አመዱም በጆንያ ተሞልቶ ከጣራ ሥር ለመጪው ጥቅምት ይቀመጣል።